ትሬሞሎው አራት አምስቴ ይወዛወዝና ይሞታል፣ ምኑን ልየው?

ስድስት_ክር፦
ሰላም ሰላም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁና እስቲ የምታውቁ ካላችሁ አንድ በሉኝ። ራሴ የሠራሁት የቲዩብ (የቫልቭ) የጊታር አምፕ ነው፣ መጨረሻው ሁለት 6ቪ6 ቲዩብ ፑሽፑል፣ ባያሱ (ቲዩቦቹ ሥራ ፈትተው ምን ያህል እንደሚስቡ የሚወስነው የግሪድ ቮልቴጅ) ፊክስድ ነው ማለትም ከራሱ ኔጋቲቭ ሳፕላይ የሚመጣ፣ ኔጋቲቭ 33 ቮልት አካባቢ። ትሬሞሎው (ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ያው ባያሱን የሚያወዛውዘው ዓይነት ነው፣ አምፖልና ኤልዲአር (በብርሃን የሚለዋወጥ ረዚስተር) ያለበት አይደለም። ኦሲሌተሩ (ውዝዋዜውን የሚፈጥረው) የአንድ 12ኤኤክስ7 ቲዩብ ግማሽ ነው፣ ሌላኛው ግማሽ ፕሪአምፕ ውስጥ ይሠራል፣ እሱ ደህና ነው። አምፑ ራሱ ድምፁ ደስ ይላል፣ ይቺ ትሬሞሎ ብቻ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ችግሩ እንዲህ ነው፣ ስዊቹን ሳበራው ዋ ዋ ዋ ዋ ይልና እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ። ጊታሩ ይሰማል ትሬሞሎ የለም። አጥፍቼ ሳበራው እንደገና አራት አምስቴ ዋ ዋ ብሎ ጸጥ። የስፒድ ፖቱን (የፍጥነት ማስተካከያውን) መሃል አካባቢ አንድ ቦታ ላይ ካቆምኩት አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃም ይቆያል፣ ከዚያች ቦታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ፀጉር ታህል ካነቃነቅኩት ግን አለቀ።

ዕቃዎቹ፦ ከቲዩቡ ፕሌት (መውጫው) እስከ ግሪዱ (መግቢያው) ሦስት ባለ 10 ናኖ ካፓሲተር፣ ወደ ግራውንድ የሚወርዱት አንድ 1 ሜጋ፣ የስፒድ ፖቱ 3 ሜጋ ከ100 ኪሎ ጋር በተርታ፣ ከዚያ ግሪዱ ላይ ሌላ 1 ሜጋ። የፕሌት ረዚስተር 220 ኪሎ፣ ካቶድ 2.7 ኪሎ በላዩ 25 ማይክሮ። ከፕሌቱ በ0.1 ማይክሮ ወጥቶ 250 ኪሎ ኢንቴንሲቲ (የትሬሞሎው ጥልቀት) ፖት ላይ ይገባል። ሲሞት የለካሁት ሳፕላይ 285፣ ፕሌት 163፣ ካቶድ 1.5 ቮልት ነው።

የሞከርኩት፦ ሁለት ሌላ 12ኤኤክስ7 ቀያይሬያለሁ ልዩነት የለውም፣ ብየዳውን በሙሉ ደግሜ ነካክቻለሁ፣ ስፒድ ፖቱን በአዲስ ቀይሬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልቀይር፣ ቤቱን?

ጭስ_አየሁ፦
የእግር ስዊችህ ነው። ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ትንሽ ሾርት ካለው ግሪዱን ወደ ግራውንድ ይጎትተዋል ኦሲሌተሩም ይሞታል። እኔም አንዴ እንደዚህ ሆኜ ቲዩብ ስገዛ ከርሜ ገመድ ሆኖ አረፈው።

ስድስት_ክር፦
አመሰግናለሁ ግን የእግር ስዊች ገና አላደረግኩለትም፣ ፊት ለፊቱ ላይ ያለች ትንሽ ስዊች ናት። አሁን እሷንም ከግሪዱ ፈትቼ ሞከርኩ፣ ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ ጠቅ ሳደርገው ያው አራት አምስቴ ተወዛውዞ ይሞታል።

ብየዳ_በሌሊት፦
ወንድሜ በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው፣ ቮልቴጁን ጭምር ማስቀመጥህ ነገሩን አቅልሎታል። ቮልቴጁ ጤነኛ ነው። 1.5 በ2.7 ኪሎ ስታካፍል 0.55 ሚሊ አምፕ ገደማ፣ በ220 ኪሎው ሲያልፍ 122 ቮልት ይጥላል፣ ከ285 ስትቀንስ 163፣ ልክ ነው። ስለዚህ ቲዩቡ እየሠራ ነው፣ ረዚስተሮቹም ልክ ናቸው፣ እነሱን እርሳቸው።

ያለህ ችግር የጌን ነው፣ ማለትም ቲዩቡ የገባለትን ስንት እጥፍ አጉልቶ እንደሚያወጣ። ኦሲሌተር ማለት እኮ ዥዋዥዌ ማለት ነው፣ በየዙሩ የጠፋባትን ያህል የሚገፋት ካለ ትቀጥላለች፣ ግፊቱ በጥቂት ካነሰ አራት አምስቴ ሄዳ መጥታ ትቆማለች። ያንተዋ ጨርሶ የሞተች አይደለችም ልትቀጥል ጥቂት ነው የጎደላት። ጌን የሚበላብህ ምን አለ ብለህ ፈልግ።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ካቶዱ ላይ ያለውን 25 ማይክሮ ነው። አሮጌ ከሆነ ደርቋል፣ ወይ ፖዘቲቩ ወደ ግራውንድ ዞሯል፣ ወይ አንዱ እግር አልተበየደም። እሱ ከሌለ የቲዩብህ ጌን 38 አካባቢ ይወርዳል፣ በደንብ ካለ 70 ገደማ ነው። ደህና ቢሆን እንኳ 25 ለትሬሞሎ ትንሽ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ካቶዱ ጋ ካፓሲተሩ የሚያየው 2.7 ኪሎውን ብቻ ሳይሆን ቲዩቡንም ከጎኑ ነው፣ ሁለቱ አብረው 1.4 ኪሎ ያህል ይሆናሉ፣ በ25 ማይክሮ ስታሰላው 4.5 ኸርዝ ላይ ነው መድከም የሚጀምረው። ትሬሞሎ ደግሞ የሚኖረው እዚያው ነው። ለጊታር ድምፅ 25 ከበቂ በላይ ነው፣ በሴኮንድ ሦስቴ አራቴ ለሚሄድ ነገር ግን አይበቃም። ባለ 100 ማይክሮ 25 ቮልት አድርግበት፣ ያኔ ወደ 1.1 ኸርዝ ይወርዳል።

ሌላ አንድ ቀላል ሙከራ፣ ያንን ወደ ኢንቴንሲቲ የሚሄደውን 0.1 አንድ እግሩን አንሳውና ኦሲሌተሩን ብቻውን ተወው። ብቻውን ሆኖ ከዘፈነ ጭነት ነው ያደከመው።

ነጠላ_ዙር፦
ርዕሱን ሳይ ያው ትሬሞሎ የሚለው ቃል አስታወሰኝና፣ አንዳንድ ዕውቅ የአሜሪካ አምፖች ላይ ይሄንኑ ነገር ቫይብራቶ ብለው ነው የጻፉበት፣ ጊታሩ ላይ ያለውን ክሩን የሚያላላውን ዘንግ ደግሞ ትሬሞሎ አሉት። ገልብጠው ነው የሰየሙት። ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ ትሬሞሎ፣ ቃናው ከፍ ዝቅ ካለ ቫይብራቶ። ጥያቄውን የሚመልስ ነገር የለኝም፣ ማለት ስላለብኝ ነው ያልኩት ሃሃ።

ስድስት_ክር፦
ብየዳ_በሌሊት እጅህ ይባረክ!! ሠራ! 0.1ዱን ሳነሳው ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ድረስ ሄዶ ነበር የሞተው ስለዚህ የጌን ነገር እንደሆነ ገባኝ፣ ከዚያ 0.1ዱን መልሼ 100 ማይክሮውን አደረግኩበት፣ በቃ ቆመ አልል አለ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የተጫወትኩበት። ባለ 25ቱን አውጥቼ ለካሁት እሱም ደህና ነበር፣ 24 ምናምን ነው ያነበበው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ዘገምተኛ ነው። ፖቱን እስከ መጨረሻው ፈጣኑ ጋ ባዞረውም ያው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ደግሞ ጫፎቹ ላይ አሁንም ይሞታል። ቀስ ያለውን ስለምወደው ግን ችግር የለውም፣ እንደ ተፈታ ልቁጠረው መሰለኝ።

የቫልቭ_ዘመን፦
ልጄ ገና አልተፈታም። አትዝጋው።

25ቱ ጤነኛ ከነበረ ያ ሰርኪዩት በ25ም መዝፈን ነበረበት። በዚያው 25 የሚሠሩ ስንት አምፖች ከፍቻለሁ። 100 ማድረግህ በሽታውን ሸፈነልህ እንጂ አላዳነውም፣ ቲዩቡ ትንሽ ሲያረጅ ተመልሶ ይመጣብሃል። ዘገምተኛ ነው ያልከው ደግሞ ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

አንድ ነገር አድርግልኝ። አምፑን አጥፍተህ ስፒድ ፖቱን ከ100 ኪሎው ጋር አንድ ላይ 1 ሜጋ እስኪያነብ አስተካክለው፣ ሦስቱም ረዚስተሮች እኩል እንዲሆኑ ነው። ከዚያ አብራውና ከስልክ አንድ የማይቆራረጥ ድምፅ አስገብተህ ከስፒከሩ የሚወጣውን ቅዳ፣ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ ሞገዱን አይተህ ቁጠር። በጆሮ አትቁጠር ይስታል።

የጠየቅኩበት ምክንያት ይሄ ነው። ሦስት እኩል ረዚስተርና ሦስት እኩል ካፓሲተር ሲሆን ድግግሞሹ አንድ ሲካፈል ለ2 ፓይ በረዚስተሩ በካፓሲተሩ በስኩዌር ሩት 6 ነው። 1 ሜጋና 10 ናኖ ስታስገባ 6.5 ኸርዝ ይመጣል። የሚያስፈልገው ጌን ደግሞ 29 ነው። ያንተ ቲዩብ ካቶዱ ላይ ምንም ሳይኖርም 38 ይሰጣል ተብሏል፣ ልክ ነው፣ ታዲያ 29 የሚበቃውን ነገር በ38 ማሽከርከር እንዴት ያቅተዋል? ሰርኪዩቱ ከ29 በላይ እየጠየቀው ነው ማለት ነው። ለምን ይጠይቃል? ሦስቱ እኩል ስላልሆኑ።

ስድስት_ክር፦
ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩ። በ10 ሴኮንድ 27 ነው የቆጠርኩት። ሦስቴም ደጋግሜ ቀድቻለሁ ያው 27። ግን ካፓሲተሮቹ ሦስቱም 103 (10 ናኖ ማለት) ተብለው የተጻፈባቸው ናቸው እኮ፣ አንድ ቦታ አብረው የተገዙ ናቸው፣ ስገጥማቸውም አይቻቸዋለሁ።

የቫልቭ_ዘመን፦
27 ካልክ አገኘነው። ከሦስቱ አንዱ 104 ነው፣ 100 ናኖ። ያውም የትኛው እንደሆነ ልንገርህ፣ ከፕሌቱ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ነው።

እንዴት አወቅክ እንዳትለኝ ወረቀት ላይ ሠርቼው ነው። የመጀመሪያው ብቻ አሥር እጥፍ ሲሆን ድግግሞሹ ከ6.5 ወደ 2.8 ይወርዳል፣ የሚያስፈልገው ጌን ከ29 ወደ 45 ይወጣል። መሃለኛው ቢሆን ኖሮ ከ95 በላይ ይጠይቅ ነበር፣ ግሪዱ ጋ ያለው ቢሆን 116። 12ኤኤክስ7 የሚባል ነገር በሰማይ ቢፈለግ ሙው (ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ጌን) 100 ነው፣ በሰርኪዩት ውስጥ 70 ካገኘህ ተመስገን ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ቢሆኑ ኖሮ አንድም ቀን ዋ አይልልህም ነበር። ሦስቱም 104 ቢሆኑ ደግሞ እኩል ስለሆኑ ይዘፍናል ግን በሴኮንድ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም፣ ትሬሞሎ መሆኑንም አታውቀውም።

አሁን ያ 25 ማይክሮ ለምን እንዳቃተው ታየህ? ድግግሞሹ ወደ 2.8 ሲወርድ ከ4.5 በታች ስለሆነ 25ቱ ደክሟል፣ ጌኑ ወርዶ 45 አፋፍ ላይ ቆሟል፣ በዚያው ሰዓት የሚጠየቀው ጌን ከፍ ብሏል። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ጨምቀው ያዙት። ብየዳ_በሌሊት ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ሥሩ ግን ካፓሲተሩ ነው።

አንዱን እግር ነቅለህ ለካው። ሰርኪዩት ውስጥ እንዳለ አትለካ ይዋሽሃል። ከመንካትህ በፊት ደግሞ አደራ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ የፊልተር ካፓሲተሮቹን በ10 ኪሎ 5 ዋት ረዚስተር አራግፍ፣ ሽቦው እጅህን እንዳይነካ የተሸፈነ ይሁን፣ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መድረሱን አረጋግጥ። በስክሩድራይቨር ሾርት የሚያደርጉ አሉ፣ አትከተላቸው። ሲለካ ደግሞ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ። የደረቴን አጥንት አንዴ ስለነካኝ ነው ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው።

አንድ ሌላ ነገር ካነሳን አይቀር፣ ያ ኢንቴንሲቲ ፖት ላይ የ6ቪ6ዎቹ ባያስ በመሃለኛው እግር በኩል ነው የሚያልፈው አይደል? ፖቱ ቆሽሾ መሃለኛው እግር አንድ ቅጽበት ከለቀቀ ቲዩቦቹ ባያስ አጥተው ፕሌታቸው ግሎ ይቀላል። ከመሃለኛው እግር ወደ ባያስ ሳፕላዩ ጫፍ 1 ሜጋ አድርግበት፣ ፖቱ ቢለቅም በዚያ በኩል ይደርሳቸዋል።

ጭስ_አየሁ፦
ጋሼ እርስዎ ሰው ነዎት ወይስ ካልኩሌተር

ስድስት_ክር፦
ልንገራችሁ የሆነውን። ማመን አልቻልኩም።

ትናንት ማታ አጥፍቼ አራግፌ ዜሮ መሆኑን ለክቼ የመጀመሪያውን ካፓሲተር አንድ እግሩን ነቀልኩት፣ ቴስተሩ ላይ አደረግኩት፣ 98 ናኖ። ሌሎቹ ሁለቱ 9.8 እና 10.1። አውጥቼ በባትሪ መብራት አየሁት፣ ያቺ ቡናማ ጠፍጣፋዋ ናት፣ 1ና 0 በደንብ ይታያሉ፣ ሦስተኛዋ ቁጥር ላይ ግን ስበይድ የተረጨ ፍላክስ ጠብ ብሎ ደርቆባታል፣ ቢጫ ሆኖ ልክ እንደ ሙጫ። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ 4 ወጣች። ስገጥማት 103 ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ ምክንያቱም ከ103ቱ ሳጥን ነው ያወጣኋት፣ 104ቱና 103ቱ መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ስለሆነ መቼ እንደተቀላቀሉ እንጃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሦስቱም እኩል ናቸው እያልኩ በእሷው ላይ ነው ስምል የከረምኩት።

ቀየርኳት። እንዲህ ነው እንጂ! ፖቱን 1 ሜጋ ላይ አድርጌ ስቆጥር በ10 ሴኮንድ 62። ጋሼ 65 ነበር ያሉት፣ ለቤት ሥራ መጥፎ አይደለም። ከዚያ ለማየት ብዬ 100 ማይክሮውን አውጥቼ ያንን የድሮውን 25 መለስኩት፣ በሱም ይዘፍናል ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዘገምተኛው ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ይለሰልሳል። ስለዚህ 100ውን መልሼ ተውኩት። ባያሱን ስለካው ኢንቴንሲቲው ሙሉ ሲሆን ከኔጋቲቭ 25 እስከ ኔጋቲቭ 41 ይመላለሳል፣ ዲጂታል ቴስተር ስለሆነ ቁጥሩ እየዘለለ ነው ግን ዘገምተኛው ላይ ሲሆን ይታያል። 1 ሜጋውንም አድርጌያለሁ።

አሁን ደግሞ (ትስቁብኛላችሁ) አዲስ ነገር መጣ። ጊታሩን ነቅዬ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጌው እንኳ ከስፒከሩ ዱም ዱም ዱም የሚል አለ፣ ልክ ከትሬሞሎው ጋር እኩል። ጮክ አይልም፣ ግን ስፒከሩ ላይ ያለው ጨርቅ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። ድሮ ትሬሞሎው ደካማ ስለነበር ነው መሰለኝ አልሰማሁትም።

ብየዳ_በሌሊት፦
እንኳን ደስ ያለህ፣ እኔም ካፓሲተሩን ቅድሚያ ለካው ማለት ነበረብኝ፣ ከዲያግራሙ ላይ ስላነበብክልኝ አመንኩህ።

ዱም ዱሙ የዚህ ዓይነት ትሬሞሎ ባሕርይ ነው። ባያሱን ሲያወዛውዝ ሁለቱንም 6ቪ6 እኩል ወደ ላይ እኩል ወደ ታች ነው የሚወስዳቸው፣ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ ይጣፋሉ። ግን የሚጣፉት ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው። አንዱ ከሌላው የበለጠ የሚስብ ከሆነ ልዩነቱ ስፒከሩ ላይ ይመጣል፣ እሱ ነው ዱም ዱም የሚልህ። ካቶዶቹ ላይ 1 ኦም አለህ?

ስድስት_ክር፦
አለኝ፣ ስሠራው አድርጌያለሁ። ትሬሞሎውን አጥፍቼ ስለካው አንዱ 19 ሚሊ ቮልት አንዱ 27።

ብየዳ_በሌሊት፦
በቃ እሱ ነው። በ1 ኦም ስለሆነ 19 ሚሊ አምፕና 27 ሚሊ አምፕ ማለት ነው፣ ሰፊ ልዩነት ነው። ሁለቱን ቲዩቦች ቦታ አቀያይርና ለካ፣ 27ቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ቲዩቡ ነው፣ ሶኬቱ ላይ ከቀረ የግሪድ ረዚስተር ወይ ከፌዝ ኢንቨርተሩ (ሲግናሉን ለሁለቱ ቲዩቦች ተቃራኒ አድርጎ ከሚያካፍለው) የሚመጣው ካፓሲተር ሊክ እያደረገ ነው። ተመሳሳይ የሚስቡ ሁለት ካገኘህ ይረጋል። ደግሞ ከኦሲሌተሩ ወደ ኢንቴንሲቲ ፖቱ የሚሄደው ሽቦ የፌዝ ኢንቨርተሩን ግሪድ ተጠግቶ የሚያልፍ ከሆነ አርቀው፣ ወደ ሻንሲው ጥግ አስጠግተህ አስኪደው።

ነጠላ_ዙር፦
ባያሱንም ትንሽ ቀዝቀዝ ብታደርገው ትሬሞሎው ይጠልቃል። ሞቃት ባያስ ላይ ሲሆን ወደ ታች የሚወስደው ጉልበት ያጥረዋል። እስከ 20 ሚሊ አምፕ ድረስ አውርደው ሞክር፣ ካልወደድከው ትመልሰዋለህ።

ስድስት_ክር፦
አቀያየርኳቸው፣ 27ቱ ቲዩቡን ተከትሎ ሄደ። ከድሮ ከነበሩኝ አንዱን አስገብቼ አሁን 22 እና 23 ናቸው። ሽቦውንም ወደ ጥግ አዞርኩት፣ እንዲያውም በትክክል የፌዝ ኢንቨርተሩ እግር ሥር ነበር የሚያልፈው፣ ስሠራው ማሳመሬ ነበር። ዱም ዱሙ አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ አይሰማም። ቀዝቀዝ ማድረጉን ቅዳሜ እሞክረዋለሁ፣ አሁን ልጫወትበት።

ጋሼ የቫልቭ_ዘመን፣ 103ቱን ሳጥን ሙሉ አፍስሼ አንድ በአንድ ለካሁት። ሌሎች አራት 104 አሉበት።